ለገናው በግ ወይስ ለጥር ቀለብ? ከኮምቦልቻ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ የፋብሪካ ሠራተኛ ነኝ፤ ባለቤቴ መምህር ነው፤ የ10 እና የ6 ዓመት ልጆች አሉን። ኪራይ፣ አስቤዛና የትምህርት ቤት ወጪ ከተከፈለ በኋላ የሚተርፈን ጥቂት ነው። ዓምና ለገና በግ የገዛነው ከባለቤቴ የሥራ ባልደረባ በተበደርነው ገንዘብ ነበር፤ ዕዳውን ከፍለን የጨረስነው ሚያዝያ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ በዓሉን ጭራሽ እንተወው ብዬ አስቤ ነበር፤ ልጆቹ ግን ኬክ ይገዛልናል ወይ እያሉ ሲጠይቁኝ አንጀቴ ይላወሳል። እናቴ ደሴ ስላሉ እርሳቸውንም መጠየቅ አለብን፤ ከጎረቤቶቻችን ግማሾቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ ደጃችንን ዘግተን ማሳለፍም ያሳፍረናል። እኔ ራሴ ደመወዝ በተቀበልኩ ቀን አንድ ማኪያቶ ብጠጣ እንኳ ቀኑን ሙሉ ይቆጨኛል። ኑሮውን በቁጠባ ለሚገፋ ሰው እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ነገሮች ቅንጦት ናቸው ወይ? ካልሆኑስ እንዴት ይያዙ?»

በመጀመሪያ አብሽሩ። ይህን ጥያቄ ያነሡት እርስዎ ብቻ አይደሉም። ደሴ ውስጥ በአንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ለብዙ ዓመታት በሒሳብ ሠራተኝነት ስሠራ ከጥር ወር መጀመሪያ አንሥቶ ብድር ሊጠይቁ ከሚመጡት አባላት ብዙዎቹ የሚያቀርቡት ምክንያት ከእርስዎ ታሪክ ጋር ተመሳሳይ ነበር። በማመልከቻው ላይ «ለቤት እድሳት» ወይም «ለሕክምና» ተብሎ ቢጻፍም፣ ቁጭ ብለን ስንነጋገር ገንዘቡ ለገና የወጣን ቀዳዳ ለመድፈን እንደሚፈለግ ይነግሩኝ ነበር። ከዚያ ልምድ የደረስኩበትን መደምደሚያ በቅድሚያ ልንገርዎ፤ ኬኩም ማኪያቶውም ቅንጦት አይደሉም፤ ዓምና ቤትዎን የጎዱትም እነርሱ አይደሉም። ዓምና የጎዳዎ ሳይሰላ የተገዛው አንድ ትልቅ ነገር ነው። ዘንድሮ ለመቁረጥ ያሰቡት ግን ትንንሾቹን ነገሮች ጭምር ነው፤ ይህም ያላጠፋውን ልጅ እንደመቅጣት ይሆናል።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነበው በጉን፣ ኬኩን፣ የእናትዎን ጥየቃ፣ የጎረቤት ግብዣውንና ማኪያቶውን «የበዓል ወጪ» በሚል አንድ ከረጢት ውስጥ እንዳስገቧቸው ተረዳሁ። በሒሳብ ባለሙያ ዓይን እነዚህ አምስቱ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። አንዱ የወር ገቢን ሊውጥ የሚችል ወጪ ነው፤ አንዱ ግዴታ ነው፤ አንዱ ብልሃት ካለው እጅግ በጥቂት ገንዘብ የሚወጡት ማኅበራዊ ኑሮ ነው፤ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ ቦታቸው ከታወቀ የቤቱን ሚዛን ከቶ የማያናውጡ ጥቃቅን ደስታዎች ናቸው። የእኔ ምክር እነዚህን እንዲነጣጥሉና ለጥቃቅኖቹ የራሳቸው ድርሻ በስማቸው እንዲቀመጥላቸው ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ገና በደመወዝተኛ ቤት ላይ ልዩ ጫና የሚያሳድረው ለምን እንደሆነ መረዳት ይጠቅማል። በዓሉ የሚውለው ታኅሣሥ 29 ቀን ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ በ28። ይህም ማለት በዓሉ የወሩ መጨረሻ ላይ ይውላልና የታኅሣሥ ደመወዝ እጅ ላይ ከገባ ገና ቀናት ብቻ ይሆነዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ሰው ደመወዙን በተቀበለ ማግሥት ገበያ ይወጣል። ያ ደመወዝ ግን በእውነቱ የታኅሣሥ ገንዘብ አይደለም፤ የጥር ቀለብ፣ የጥር ኪራይና የጥር ትራንስፖርት ነው። ጥር ደግሞ ጥምቀትን በ11ኛው ቀን ይዞ ይመጣል። በመስከረም የሚውለው እንቁጣጣሽ በወሩ መጀመሪያ ስለሚሆን ሰው ቀሪውን 29 ቀን ፊት ለፊቱ እያየ ያወጣል፤ የገና ወጪ ግን «ወሩ አልቋል፣ ደመወዙም መጥቷል» በሚል የተሳሳተ የእፎይታ ስሜት ውስጥ ሆኖ የሚወጣ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ሁለታችሁም የምታመጡት የታኅሣሥ ደመወዝ ለበዓሉ እንዳይነካ መወሰን ነው። የበዓሉ ገንዘብ ከዚያ በፊት ተሰብስቦ ማለቅ ይኖርበታል።

ከየት ይሰበሰባል ካሉ፣ መልሱ ከጾሙ ነው። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 ሲቆጠር 44 ቀናት ይሆናል። በእነዚህ ቀናት ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ከቤትዎ ይርቃሉ፤ ከእነርሱ የሚተርፈው ገንዘብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይታወቅ በሌላ ወጪ ውስጥ ይሟሟል። በማኅበራችን ሥልጠና የሚሳተፉትን ሰዎች «በጾም ምን ያህል ቆጠባችሁ?» ብዬ ስጠይቃቸው ሁሉም መቆጠባቸውን ያምናሉ፤ ገንዘቡን ቆጥሮ የሚያሳየኝ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ኅዳር ሊያልቅ ሲል በመሆኑ ታኅሣሥ ሙሉው ገና በእጅዎ ነው። ለስሌት እንዲመች በቀን 40 ብር ብቻ ለይተው ቢያስቀምጡ በ28 ቀናት 1,120 ብር ይሆናል። 40 ብር የሚከብድ ከሆነ 25 ብር 700 ይሆናል። ዋናው ነገር ገንዘቡ በየቀኑ ከቤቱ ወጪ ተለይቶ በተዘጋ ጣሳ ውስጥ ወይም በሌላ ሒሳብ መግባቱ እንጂ መጠኑ አይደለም። እስከ በዓሉ ዋዜማ በጣሳው የሚጠራቀመው ገንዘብ የዘንድሮ ገናዎ ነው፤ ከዚያ በላይ የሆነ ነገር ሁሉ የጥር ቀለብ መሆኑን ከባለቤትዎ ጋር አስቀድመው ይስማሙ።

አሁን ወደ በጉ ልምጣ። ለአራት ሰው ቤተሰብ፣ ያውም ከ44 ቀናት ጾም በኋላ፣ አንድ ሙሉ በግ ማረድ ከምግብነቱ ይልቅ ለክብር የሚወጣ ወጪ ነው፤ ይህን የምለው ክብርን ለመናቅ ሳይሆን ዋጋው እንዲታወቅ ነው። ሥጋው በሦስት ቀን ይበላል፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ደግሞ ከማለቁ በፊት የሚበላሸው ቀላል አይደለም። ቀድሞ የበጉ ቆዳ ተሸጦ የቅመሙን ወጪ ይሸፍን ነበር፤ ዛሬ ግን የቆዳ ዋጋ ወድቆ መንገድ ዳር የሚጣልበት ጊዜ ስለሆነ ያንን ገቢ አትቁጠሩ። «ባቲ ሰኞ ገበያ ወርደን በርካሽ እንገዛለን» የሚሉ ጎረቤቶችም ይኖራሉ፤ ይህ የሚያዋጣው ሦስት አራት ቤት ተባብሮ ሲወርድ ነው። አንድ ሰው ለአንድ በግ የሚከፍለው የመሄጃ፣ የመመለሻና የበጉ መጫኛ ሲደመር ከዋጋው የተገኘውን ልዩነት ሊበላው ይችላል።

ለቤትዎ የሚስማማው፣ በእኔ ግምት፣ ዶሮና ከቅርጫ ግማሽ መደብ ነው። ቅርጫው በፋብሪካዎ ወይም በሰፈርዎ የሚዘጋጅ ከሆነ አንዱን መደብ ከሌላ ቤተሰብ ጋር ለሁለት መካፈል ይቻላል፤ ማንም አያፍርበትም። የጣሳው ገንዘብ ለሁለቱ የማይበቃ ከሆነ ቅርጫውን ተዉትና ዶሮውን ያዙ። ዶሮ ወጥ በሥርዓቱ ሲሠራ 12 ብልት ይወጣዋል፤ በየሰው ሳህን ላይ አንድ ብልትና አንድ እንቁላል ሲቀመጥ ለአራት ሰው ሦስት ጊዜ የሚበቃ ማለት ነው፤ የሚያጠግበውም ከብልቱ ይልቅ ድልሁ ነው። የሀበሻ ዶሮ ዋጋው ከከበደዎ እንቁላል መጣል አቁማ ለሽያጭ የምትቀርብ የእርባታ ዶሮ ትጠቅማለች፤ ሥጋዋ ጠንከር ስለሚል ለጥብስ ባይመችም፣ ረጅም ሰዓት ለሚበስል ወጥ ግን እንዲያውም የተሻለ ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። ባለሙያ እናቶች በዚህ አስተያየቴ እንደማይስማሙ አውቃለሁ።

ዋጋን የሚወስነው ግን የሚገዙት ዕቃ ብቻ ሳይሆን የሚገዙበት ቀንም ነው። ቅቤና እንቁላል በጾሙ መካከል ፈላጊያቸው ስለሚቀንስ ዋጋቸው ረገብ ይላል፤ በዓሉ በቀረበ ቁጥር ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ወደ ገበያ ስለሚወጣ ይሰቀላል። ስለዚህ ግማሽ ኪሎ ቅቤ በታኅሣሥ አጋማሽ ገዝተው በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በአብሽ አንጥረው ያስቀምጡ፤ በደንብ የተነጠረ ቅቤ ውሃው ስለወጣለት ለወራት አይበላሽም። እንቁላልን በተመለከተ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ልዩነት አለ። ደሴ በታኅሣሥ ብርድ እንቁላል ጥላ ባለበት ቦታ ከሁለት ሳምንት በላይ ያለ ችግር ይቆያል፤ ኮምቦልቻ ግን በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ያለችና ሞቃት ስለሆነች ከአንድ ሳምንት በፊት ባይገዙ ይሻላል። የገዙትን በውሃ ይፈትኑት፤ ተጋድሞ የሚሰጥመው ትኩስ ነው፤ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ቶሎ መበላት አለበት፤ የሚንሳፈፈው ውስጡ አየር የሞላው አሮጌ ስለሆነ ይመለስ። ሽንኩርቱንም ነገሬ ይበሉት፤ ዶሮ ወጥ ከዶሮው ይልቅ በሽንኩርት የሚቆም ምግብ በመሆኑ በዋዜማው ሳምንት የሽንኩርት ዋጋ ያልታሰበውን ሰው ሁልጊዜ ያስደነግጠዋል። ቆዳው የደረቀ፣ አንገቱ ያልረጠበ ሽንኩርት ከተመረጠና አየር በሚያገኝ ቅርጫት ውስጥ ከተቀመጠ ሦስት ሳምንት ምንም አይሆንም። ዶሮዋን ደግሞ ግቢ ካለዎት ከበዓሉ 10 ቀን ቀደም ብለው ገዝተው በትርፍራፊ መመገብ ይችላሉ፤ ግቢ ከሌለዎት ግን በኪራይ ቤት ውስጥ ከአከራይ ጋር ጠብ የሚያመጣ ቁጠባ አልመክርም።

እናትዎን በሚመለከት ያነሡት ጉዳይ ከሁሉም ይልቅ አሳስቦኛል፤ ምክንያቱም ብዙ ቤተሰብ ሳያውቀው በዓሉን ሁለት ጊዜ የሚያከብረው እዚህ ላይ ነው። በራስ ቤት አንድ ግብዣ ይደረጋል፤ ከዚያም «ባዶ እጅ አይኬድም» ተብሎ ሌላ ተጨማሪ ወጪ ይወጣል። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆንም አራት ሰው የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ሲመለስ ስምንት የመሳፈሪያ ሒሳብ ይከፈላል፤ ያውም በበዓል ሰሞን። እናትዎ ወደ እናንተ ቢወርዱ ግን ሁለት ሒሳብ ብቻ ነው። በቁጥር ብቻ ከሄድን መልሱ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን እኔ ተቃራኒውን እመክራለሁ። ሴት ወይዘሮ በገና ቀን ቤታቸውን ዘግተው ሲሄዱ «እንኳን አደረሰዎ» ሊሉ የመጡት የሰፈር ሰዎች ከደጅ ይመለሳሉ፤ እናትዎም ይህን ቢደብቁዎ እንኳ ቅር ማለታቸው አይቀርም። ስለዚህ በዓሉን አንድ ጊዜ ብቻ፣ በእናትዎ ቤት ያክብሩት። ዶሮዋን፣ ሽንኩርቱንና የተነጠረውን ቅቤ ይዘው በዋዜማው ይውጡ፤ ወጡ አንድ ድስት ላይ ይሠራል፤ አንድ ከሰል ይነድዳል፤ ከቅዳሴ መልስ በዚያ በደሴ የንጋት ብርድ ልጆቹ ከአያታቸው ጋር ይፈስካሉ። የመሳፈሪያው ገንዘብ ከጣሳው ይወጣል፤ በምትኩ በኮምቦልቻው ቤት ሊደረግ የነበረው ሁለተኛ ድግስ ይቀራል። እናትዎም ጠላውን ወይም ድፎውን በእርሳቸው በኩል እንዲያዘጋጁ ይፍቀዱላቸው። ብዙ ልጆች እናታቸውን ከወጪ ለማዳን ሲሉ «ምንም እንዳታዘጋጂ» ይላሉ፤ ከራሴ እናት እንደተረዳሁት ግን ለእናት ከዚህ የከፋ ስድብ የለም።

ወደ ኮምቦልቻ ሲመለሱ የሚጠብቅዎት የጎረቤቶች ነገር ነው። በወሎ እንደሚታወቀው ክርስቲያኑ ሲያርድ ለሙስሊም ጎረቤቱ ሌላ በግ ወይም ዶሮ በሙስሊም እጅ አሳርዶ በተለየ ድስት ማብላት የቆየ ወግ ነው፤ በዒድም እንዲሁ ይመለሳል። ይህን ወግ እወደዋለሁ፤ ግን አቅም ላለው ሰው የተሠራ ነው። አቅም ሲያንስ ደግሞ ይኸው አካባቢ ሌላ መፍትሔ አዘጋጅቶ አስቀምጧል፤ ይህም ሁለቱም ወገን ከአንድ ሰፌድና ከአንድ ማንቆርቆሪያ ሊቀምሰው የሚችለው ነገር ነው። ሥጋውን ከግብዣው ጭራሽ ያውጡትና ለበዓሉ ማግሥት የቡና ጥሪ ያድርጉ። ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ፈንዲሻና ቀሪቦ ካለ ማንም ጎረቤት ተበደልኩ አይልም። ለቀሪቦ የሚያስፈልገው ገብስ፣ ስኳርና ጥቂት እርሾ ነው፤ ገብሱ ጠቆር እስኪል ተቆልቶ ከተፈጨ በኋላ በውሃ ተዘፍዝፎ ይጠለላል፤ ከዚያ ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት ያድራል። ከሚገባው በላይ ከቆየ እየፈላ ወደ መጠጥነት ስለሚሄድ ለማግሥቱ የሚያስፈልገውን ብቻ ማዘጋጀት ነው። በአንድ ኪሎ ገብስ የሚወጣው ቀሪቦ ለስላሳ መጠጥ በሣጥን ገዝተው ከሚያወጡት ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ከፍተኛ ነው፤ ጣዕሙም፣ ለእኔ ቢያንስ፣ የተሻለ ነው። ስኳሩን ከሸማቾች ማኅበር የሚደርስዎ ከሆነ የታኅሣሡን ድርሻ ለዚህ ይጠብቁት። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» መሆኑን ያውቃሉ፤ የእርስዎም ሰፌድ ማንንም እንዳይጠየፍ የሚያደርገው ውድነቱ ሳይሆን በላዩ ላይ የሚቀርበው ነገር ምንነት ነው።

አንድ ጎረቤት ድፎውን ሌላዋ ቀሪቦውን ብትይዝና ቡናው እርስዎ ቤት ቢፈላ ደግሞ ወጪው ከዚህም ያነሰ ይሆናል። ይህን ለማቀድ ስብሰባ አያስፈልግም፤ አንድ ቀን አቦል ላይ ተነሥቶ በረካ ላይ ይቋጫል።

ስለ ልጆችዎ ኬክ ስጽፍልዎ የራሴን አጋጣሚ ልጥቀስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጆቼን ለማስደሰት ብዬ ከአንድ ኬክ ቤት በክሬም ያጌጠ ትልቅ ኬክ ለገና አዘዝኩ፤ ዋጋው የሳምንት አስቤዛችንን ያህል ነበር። ኬኩ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ መጣ፤ ሌሊቱን መብራት ጠፋ፤ ከቅዳሴ ስንመለስ ክሬሙ ኮምጥጦ ጠበቀን። ልጆቹ ዛሬ ያንን ገና ሲያነሡ የሚያስታውሱት ኬኩን ሳይሆን ያን ዕለት ጠዋት ድፎው ላይ ማር አድርጌ ስሰጣቸው ጣታቸውን መላሳቸውን ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ኬክ ያለኝ አቋም ይህ ነው፤ ልጆች የሚፈልጉት መምረጥን ነው። ሙሉ ኬክ አይግዙ። በበዓሉ ማግሥት ወይም በሦስተኛው ቀን፣ ግርግሩ ሲያልፍ፣ ልጆችዎን ይዘው ኬክ ቤት ይግቡና ለእያንዳንዳቸው ከመስተዋቱ ጀርባ የወደዱትን አንድ ቁራሽ ራሳቸው ጠቁመው እንዲመርጡ ያድርጉ። ሁለት ቁራሽ ኬክ የጣሳውን ገንዘብ አያናጋም፤ ደስታውም በበዓሉ ቀን ከዶሮና ከድፎ ጋር ተጨፍልቆ ከማለፍ ይልቅ የራሱ ቀን ይኖረዋል። እኔ ለሠልጣኞቼ ይህን «ደስታን መመንዘር» እለዋለሁ። አንድ መቶ ብር ሲመነዘር ዋጋው አይጨምርም፤ ብዙ ቦታ ግን ይደርሳል።

ከኬኩ በፊት ቤት ውስጥ የሚሠራውን ዳቦ ቆሎ አይርሱት። ዱቄት፣ ጥቂት ስኳር፣ ጨውና ዘይት ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ጥቂት በርበሬ ጣል የሚያደርጉበትም አሉ። ልጆቹ ሊጡን እንደ ገመድ እያድቦለቦሉ፣ እርስዎ በቢላ እየቆረጡ የምታሳልፉት ከሰዓት በኋላ ራሱ ግማሹ በዓል ነው። የ10 ዓመቱ ልጅ ደግሞ ዱላ የሚይዝበት ዕድሜ ላይ ነው፤ ጫፉ የቆለመመ እንጨት ፈልጎ ማስተካከልና ከሰፈር ልጆች ጋር ሩር (የገና ጨዋታውን ኳስ) መምታት ገንዘብ የማይጠይቅ የገና ድርሻው ነው። አባቱ አንድ ከሰዓት በኋላ አብሮት ቢወጣ ከማንኛውም ከተገዛ መጫወቻ ይበልጥበታል። የፕላስቲክ የገና ዛፍና መብራቱ ግን፣ አስተያየቴን ከጠየቁኝ፣ ከዓመት ዓመት የሚቀመጥ ከሌለዎት ዘንድሮ ሊቀር ይችላል። አዲስ ልብስም እንዲሁ፤ ልብሱ ለጥምቀት ይሁን ለገና አንዱን ይምረጡ እንጂ ለሁለቱም አይሁን።

አሁን ማኪያቶዎ። እዚህ ላይ ቆጣ ማለቴን ይቅር ይበሉኝ። ወር ሙሉ ሠርተው አንድ ቀን፣ አንድ ስኒ፣ ከሥራ ባልደረቦችዎ ጋር የሚጠጡት ማኪያቶ ሊቆጭዎ አይገባም። በዓመት 12 ስኒ ነው፤ ከዚያም ውስጥ በነቢያትና በዐቢይ ጾም ወራት የሚያርፉት ቦታቸውን ለሻይ ስለሚለቁ ቁጥሩ ከዚያም ያንሳል። እኔ በቤተሰብ በጀት ላይ ያየሁት ስሕተት ሌላ ነው፤ ሰዎች ጥቃቅን ደስታቸውን ሁሉ ለወራት ከልክለው ከቆዩ በኋላ አንድ ቀን፣ ብዙውን ጊዜ በበዓል ዋዜማ፣ «ምን ይመጣል!» ብለው የከለከሉትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያወጡታል። የዓምናው በግ የተገዛው በዚህ ስሜት ይሆን ብዬ እጠረጥራለሁ። ስለዚህ ማኪያቶውን በወር ዝርዝርዎ ላይ ከሳሙናው ቀጥሎ በስሙ ይጻፉት፤ የተጻፈ ወጪ አይቆጭም። ዘንድሮ የታኅሣሡን ቀን ወደ ጥር አዛውረው ከፍስክ በኋላ ይጠጡት።

የዓምናውን ዕዳ በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ እላለሁ። ብድሩ ከባልደረባ ስለሆነና ወለድ ስላልነበረው ርካሽ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን በግ ታርዶ በሦስት ቀን አልቆ አራት ወር ሲከፈል ፋሲካ ሲደርስ እጅዎ ባዶ ነበር ማለት ነው። ከሱቅ በዱቤ የሚወሰደው ዘይትና ዱቄትም እንዲሁ ነው፤ ባለሱቁ ወለድ ባይጠይቅም ዋጋ ለመከራከር አፍዎን ይዘጋዋል። ለፋሲካ በግ ማረድ የምር ከፈለጋችሁ ከጥር ጀምሮ የሚጣል አነስተኛ እቁብ ውስጥ ይግቡና ዕጣው ከበዓሉ በፊት እንዲደርስዎ ከወዲሁ ከሰብሳቢው ጋር ይነጋገሩ፤ ፋሲካ በመጋቢት መጨረሻ ወይም በሚያዝያ ስለሚውል ሦስት ወር ያህል ጊዜ ይኖርዎታል።

በመጨረሻ ስለ ጥምቀት። ከገና እስከ ጥምቀት 12 ቀን ብቻ ስለሆነ ሁለተኛ ድግስ ለማሰብ የሚያስችል ጊዜም ገንዘብም የለም። ከቅርጫው ግማሽ መደብ ከደረሰዎት ግን ከጥሬው ጥቂት ቀላ ያለውን ሥጋ በቀጭኑ ዘልዝለው፣ ጨውና በርበሬ አሽተው፣ ዝንብ በማይደርስበትና አየር በሚያገኝ ቦታ ገመድ ላይ ይስቀሉት። የታኅሣሥና የጥር ደረቅ አየር ለቋንጣ የተመቸ ነው፤ ከእናትዎ ዘንድ ደሴ ቢሰቀል ደግሞ በብርዱ ምክንያት ሥጋው ሳይበላሽ ይደርቃል። ጥር 11 ቀን ታቦት ሸኝታችሁ ስትመለሱ ቋንጣ ፍርፍር ይጠብቃችኋል። ከጥምቀት ዋዜማው ጾም ከገሃድ ጋር በተያያዘ ልጆቹ እንዳይቸገሩ ዳቦ ቆሎውን በቅቤ ሳይሆን በዘይት ብቻ ይሥሩት፤ ያን ጊዜ ከገናው ቀደም ብሎ በጾሙ ውስጥ ተሠርቶ፣ በተከደነ ጣሳ ተቀምጦ፣ ጥር 10 ቀንም ያለ ሐሳብ ይበላል። ጣሳው ያው የ40 ብሮቹ ማጠራቀሚያ ሊሆን ይችላል፤ በዋዜማው ባዶ ስለሚሆን አጥበው ያድርቁት።